ጋሽ ፍሬንና የቀይ መብራቱ ደብዳቤ

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ የሚመጣ ደብዳቤ ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ጋሽ ፍሬን ድሮም ያውቃሉ። እውነቱን ለመናገር ማክሰኞም ቢመጣ ዓርብም ቢመጣ ያው ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ደግ ነገር ይዞ የሚመጣ ደብዳቤ የለም። ፖስታውን ገልብጠው አዩት። ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ማኅተሙን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ የሐሰት ቢሆን ቀለሙ ይለቅ ነበር። አልለቀቀም።

ነጩን የሱፍ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። «ለተሽከርካሪው ባለንብረት» ይላል። ባለፈው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ታርጋው ከላይ የተጠቀሰው ነጭ የቤት መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ በአሥራ ሰባት ቁጥር ካሜራ ተቀርጿል። ባለንብረቱ በአሥር ቀን ውስጥ መኪናውን ማን ይነዳ እንደነበር በተያያዘው ቅጽ ሞልቶ ያስታውቅ፤ ያለዚያ ጥፋቱ በራሱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከታች የክብሪት ቀፎ የምታህል ፎቶግራፍ አለች።

ጋሽ ፍሬን ደማቸው ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲህ ያጋጥማል» ብሎ ያልፈው ይሆናል። እሳቸው ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሰው መኪና ሲያስተምሩ ኖረው አንዲት ጭረት ሳትነካቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዛሬ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ «ፍሬን» ያሏቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። በመኪናቸው ከተሳፋሪው ወንበር ፊት፣ አስተማሪ የሚረግጠው ሁለተኛ ፍሬን አለ። ጡረታ ሲወጡ «ይነቀል» ቢባሉ «መጀመሪያ እኔን ንቀሉኝ» ብለው እምቢ አሉ። ጣሪያው ላይም «ለማጅ» የሚለው ሰሌዳ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ አሁንም ይታያል።

የማስተማር ዘዴያቸው በሰፈሩ የታወቀ ነበር። አዲስ ተማሪ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ መብራቱን ልይ፣ እግረኛውን ልይ፣ ማርሹን ልፈልግ እያለ ይደናበራል። እሳቸው ታዲያ «መብራቱን የማየው እኔ ነኝ፤ አንተ እጄን እይ» ይሉታል። «እጄን ከዘረጋሁ ቁም። ዳሽቦርዱን በሁለት ጣቴ ሁለቴ ከመታሁ ሂድ።» ጧ፣ ጧ። በዚያች ጧ ጧ ስንቱ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ! የገዛ ልጃቸውም በአሥራ ስምንት ዓመቷ የተማረችው እንደዚሁ ነው።

መንዳት ከተዉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሲጠየቁ «መሪው ከበደኝ» ይላሉ። ባለፈው ሰሞን ልጃቸው ለምና፣ ተቆጥታ፣ ዓይን ሐኪም ጋ ወስዳቸው «ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራ አለ፣ መገፈፍ አለበት» ቢባሉ፣ «ሰውዬው ገበያ ቀዝቅዞበት ነው» ብለው ወጥተዋል። መኪናዋን አሁን የሚነዷት አንድ ቤት አብረዋቸው የሚኖሩት ልጃቸውና አማቻቸው ናቸው። ጋሽ ፍሬን ቁልፉን ሰጡ እንጂ ዓይናቸውን አላነሱም። ከበሩ ኋላ በሚስማር የተንጠለጠለ ደብተር አለ። መኪናዋ ያለ እሳቸው በወጣች ቁጥር ማን እንደወሰዳት፣ በስንት ሰዓት፣ ቆጣሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚል ይጻፋል፤ ስትመለስም እንደገና ይጻፋል።

ደብተሩን አወረዱት። ሐሙስ፣ አሥራ አራት። በራሳቸው እጅ ጽሑፍ «አማች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጣ» ይላል። የመመለሻው ቦታ ባዶ ነው። በማግስቱ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ አማቻቸው ሥራ ደርሶ ሲመለስ ከሚጨምረው በአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

«አሃ!» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ብቻቸውን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ማጉያውን ፎቶግራፏ ላይ አሳረፉት። በነጂው በኩል ፀሐይ መስታወቱ ላይ አርፋበት የሚታየው ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው። ከነጂው ጎን ግን ሰው አለ። ደብዛዛ ነው፤ ሞራ ላለበት ዓይን ደግሞ የባሰ ደብዛዛ ነው። ቢሆንም ሰው ነው፤ ራሱ ላይም ነጭ ነገር አለ። ጋሽ ፍሬን ማጉያውን ቀረብ አደረጉ፣ ራቅ አደረጉ፣ ጢማቸውን አሻሹ። ነጭ ሻሽ! ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ በሥራ ሰዓት፣ በእሳቸው መኪና፣ ከልጃቸው ባል ጎን!

አማቻቸው አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ረጋ ያለ፣ ከቃሉ ዝምታው የሚበዛ ሰው። በስድስት ዓመት ውስጥ ጋሽ ፍሬን አንድም ጥፋት አላገኙበትም፣ ይኸው ራሱ ሲያጠራጥራቸው ኖሯል። «ጥፋት የሌለበት ሰው የለም፤ የደበቀ ሰው ነው ያለው» ይላሉ። በቅርቡ ደግሞ የሆስፒታል አምቡላንስ ሹፌርነት ፈተና አልፏል። «ሰውን ከፎቅ ሳወርድ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ሐኪም ጋ ላድርስ» እያለ ይቀልዳል። የቀረው «በመዝገቡ ላይ ጥፋት የለበትም» የሚል ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ማቅረብ ብቻ ነው። አንዲት ቀይ መብራት ከተጻፈችበት አምቡላንሱ ቀረ ማለት ነው። ጋሽ ፍሬን ይህን ሲያስቡ ትንሽ ከበዳቸው፤ ሻሿ ትዝ ስትላቸው ግን ቀለላቸው።

አመሻሽ ላይ ባልና ሚስት ከሥራ ሲመለሱ ጋሽ ፍሬን በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

«አሥራ አራት፣ ሐሙስ። መኪናዋን ይዘህ የት ዋልክ?» አሉት አማቻቸውን፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«ሐሙስ?» አለና ወደ ሚስቱ አየ። ያቺ አስተያየት ለጋሽ ፍሬን ከበቂ በላይ ነበረች። «ጠዋት ዕቃ አድርሼ ሦስት ሰዓት ላይ መልሻት ሄጃለሁ፣ ጋሼ።»

«ደብተሩ አልተመለሰችም ይላል።»

«ደብተሩማ…» አለና ቃሉን ዋጠ።

ጋሽ ፍሬን ደብዳቤውን ዘረጉት። ልጃቸው አንብባ ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አትወድም፤ ያን ቀን ግን ከፍ አደረገች። «እኔ ነኝ የነዳሁት፣ አባዬ! ቀዩን የጣስኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍና ይብቃ።»

«አንቺ?» ጋሽ ፍሬን ሳቁ። «እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ? አንቺ በሕልምሽም ቀይ አትጥሺም። ባልሽን ለማዳን ነው።»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ፣ አንቺ ነዳሽ እንበል። ጎንሽ የተቀመጠችው ማን ናት?»

ልጃቸው ወደ እሳቸው ዞረች። ጉልበታቸው ላይ ያረፈውን እጃቸውን ትክ ብላ አየች፤ እንባዋ መጣ። «ማንም» አለች።

«ማንም ነጭ ሻሽ አያስርም» አሉ ጋሽ ፍሬን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ጋሽ ፍሬን ከሳሽም መርማሪም ምስክርም ሆኑ፤ ዳኝነቱንም ለማንም አልተዉም። ጠዋት ሁለቱ በእግራቸው ሲወጡ ጠብቀው መኪናዋን ፈተሹ። የተሳፋሪውን ወንበር ስፌት በጣታቸው ዳበሱ፣ ምንጣፉን አነሱ፣ ሽቶ ይሸት እንደሁ መቀመጫውን አሸተቱ። የሸተታቸው አሮጌ ቆዳና ቤንዚን ነው። ሊወጡ ሲሉ ግን ከራስ መደገፊያው ላይ ተጠቅልላ የቀረች ነጭ ክር አገኙ። የሱፍ ናት። «ሻሽ የሱፍ ይሆናል ወይ?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፤ «ለብርድ ጊዜ የሱፍም አይጠፋም» ብለው መለሱ። ክሯን በፖስታ አሽገው ቀኑን ጻፉባት።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ በወጥ ቤቱ በር ክፍተት የባልና ሚስቱን ድምፅ ሰሙ።

«ንገሪው» ይላል አማቻቸው። «ከዚህ ወዲያ ልንደብቀው አንችልም።»

«አልችልም። ካወቀ ይሰበራል። አባዬን አታውቀውም፤ ያ ነገር ነው አቁሞ የያዘው።»

ጋሽ ፍሬን ውሃውን ሳይጠጡ ተመለሱ። እንግዲህ ምን ቀረ? ልጃቸው የባሏን ጉድ ታውቃለች፤ አባቷ እንዳያዝን ብላ ችላ ይዛዋለች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ምስኪን ልጄ» አሉ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ የሚወዱትን ሰው የሚጠብቁበት ሌላ መንገድ ስላላወቁ በጥርጣሬ ይጠብቁታል።

በስምንተኛው ቀን አማቻቸው ግቢ ውስጥ የመኪናዋን መስታወት ሲወለውል ደረሱበት። ፖስታዋን ከፍተው ነጯን ክር አፍንጫው ሥር ያዙለት።

«ይቺን ታውቃታለህ?»

ክሯን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ራሳቸውን አየ። ከንፈሩ ላይ ሳቅ መጣ፤ ወዲያው አጠፋው። ጋሽ ፍሬን ግን አዩት። «ትስቃለህ? በልጄ ዕንባ ትስቃለህ?»

«አልሳቅኩም፣ ጋሼ።»

«ማን ናት? ስሟን ንገረኝና እኔና አንተ ብቻ እንወቀው። ያለዚያ ልጄን ዛሬውኑ እውነቱን አስተፋታለሁ።»

አማቻቸው ጨርቁን ጨመቀው፣ ዘረጋው፣ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሰጣው። «ቅጹ የታለ?» አለ በመጨረሻ። ጋሽ ፍሬን ከኪሳቸው አወጡለት። «የነጂው ስም» በሚለው ቦታ ስሙንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን ጻፈ፣ ፈረመ። የቅጹ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱ ግራሶ ታተመ።

«ይኸው። እኔ ነኝ የነዳሁት ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሚስቴን እንዳይጠይቋት፤ ይቺን ብቻ ነው የምለምንዎት።»

«አምቡላንሱስ?»

«አሳንሰሩ አለልኝ» አለና ባልዲውን አንሥቶ ገባ።

እጅ ከፍንጅ! ጋሽ ፍሬን አንጀታቸው ቅቤ መጠጣት ነበረበት። አልጠጣም። አንድ ነገር ይቆረቁራቸው ጀመር፤ ሲፈርም የሰውየው እጅ አላመነታም። አርባ ዓመት የሰው እጅ ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ ጥፋት ያለበት ተማሪ እጁ መሪው ላይ እንኳ ያመነታል። ደግሞም ሴትየዋ ማን እንደሆነች አልታወቀችም። ደብዳቤውን ገልብጠው በማጉያ ቢያነቡት ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ ሙሉውን ፎቶግራፍ ማየት ይችላል» ይላል። «አየኋት በሉኝ» አሉ ለራሳቸው።

በአሥረኛው ቀን፣ የመጨረሻው ቀን መሆኑ ነው፣ ለማንም ሳይናገሩ በአውቶቡስ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ግድግዳው ግማሹ ድረስ አረንጓዴ የተቀባ ክፍል ነው። ወንበሮቹ እርስ በእርሳቸው በብረት ታስረዋል፤ «ሌባ ፈርተው ነው» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስማማቸው መሥሪያ ቤት አገኙ። ተራቸው ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው መዝጋቢ ቀና ብላ አየቻቸውና ብድግ አለች።

«ጋሽ ፍሬን! አላወቁኝም? ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ያለፍኩት ተማሪዎ ነኝ እኮ!»

«ፍሪሲዮን መርገጥ እየረሳሽ ሞተሩን ታጠፊብኝ የነበርሽው?»

«እሷው ነኝ!» ሳቀች። በጎን በር አስገብታ ከጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ታርጋውን ጻፈችና የኮምፒዩተሩን ስክሪን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። ፎቶግራፉ እንደ መጋረጃ ሰፍቶ መጣ። «ነጂው አይታይም፣ ፀሐይዋ ጋርዳዋለች። ጎኑ ያለውን ግን ላጉላው…»

አጎላችው። መሳቅ ጀመረች፤ የጋሽ ፍሬንን ፊት ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

ሞራም ቢኖር ያን የሚያክል ነገር አይጠፋም። ነጩ ነገር ሻሽ አይደለም። ጠርዙ የታጠፈ የሱፍ ቆብ ነው፣ አሁን ራሳቸው ላይ ያለው። ከቆቡ ሥር ጢም አለ። ከጢሙ ፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ የአንድ ሽማግሌ እጅ ሁለት ጣቶቹን አንሥቶ ሊመታ ተዘጋጅቷል።

«እንዴ ጋሼ» አለች መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺን እጅማ በሕልሜም አውቃታለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ትዝ አላቸው። ያ ሐሙስ ከአእምሯቸው ፍቀው ያወጡት የዓይን ሐኪም ቀን ነበር። አማቻቸው ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋን መለሰላቸው፤ እሳቸው ኮታቸውን እየቆለፉ ወጥተው ገቡባት። ደብተሩ ጋ አልሄዱም፤ ራሳቸው ከተቀመጡባት ምን ይጻፋል? አሥራ አንዱ ኪሎ ሜትር እስከ ሐኪም ቤት ደርሶ መመለሻ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ነበረች። ልጃቸው ዝግ አለች። እሳቸው በብልጭታው መሐል አረንጓዴ ያዩ መሰላቸው፤ ጧ፣ ጧ። መኪናዋ ተወረወረች፤ ከጎን ጡሩምባ ጮኸ፤ ልጃቸው «አባዬ!» አለች። እሳቸው ደግሞ «የዘንድሮ ሰው አነዳድ ተበላሸ» ብለው ያኛውን ሹፌር ሰደቡት። ፍሬኑ ከእግራቸው ሥር ነበር። ጋሽ ፍሬን ፍሬን አልያዙም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እሳቸው አሥር ቀን ሙሉ የሰው ሲያማስሉ ከረሙ። ካወቀ ይሰበራል ያለችው ልጃቸውም ለካ ስለ ባሏ አልነበረም የምታወራው። ሐኪሙም ገበያ አልቀዘቀዘበትም ነበር። ዓይናቸው አቀረረ፤ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ እንደ ጥፋተኛ።

«ጋሼ፣ ቅጹን ልቀበል? ነጂው ፈርሟል እኮ» አለች መዝጋቢዋ፣ ይዘውት የመጡትን ቅጽ ተቀብላ እያየች።

«እሱን መልሺልኝ። ሌላ ስጪኝ። ባለንብረቱ ራሱ ቢሸከመው ሌላ ሰው ይነካል?»

«ነጂው ስለማይታይ የእርስዎ መዝገብ ላይ ብቻ ነው የሚሰፍረው። ግን አርባ ዓመት ንጹሕ መዝገብ…»

«ስጪኝ አልኩሽ እኮ።»

«ባለንብረቱ ኃላፊነቱን ይወስዳል» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ከታች በተተወው ባዶ ቦታ፣ መስመሩን እየሳቱ፣ በትልልቅ ፊደል «ሂድ ያለው የእኔ እጅ ነው» ብለው ጻፉ። መዝጋቢዋ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ እንደሌለ ልትናገር ነበር፤ ተወችውና ማኅተሙን መታችበት።

ስልክ ደውለውላት ልጃቸው በምሳ ሰዓቷ መኪናዋን ይዛ መጣች። የመኪናዋን በር ከፍተው ከጎኗ ተቀመጡ። መኪናዋ ዋናው መንገድ ላይ ወጣች።

«አየኋት» አሉ ጋሽ ፍሬን።

«ማንን?» የልጃቸው ድምፅ ቀጠነ።

«ነጭ ሻሽ ያሰረችውን። ጢምም አላት።»

ልጃቸው ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። «ልነግርህ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ። አፌ እምቢ አለኝ። እሱም እኔ ነኝ እላለሁ ብሎ…»

«አውቃለሁ። የፈረመው እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እሱ የሚሠራበት አድርሺኝ፤ ወረቀቱን በእጄ ልመልስለት፣ ይቅርታም ልበለው። ከዚያ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን፤ ሞራውን ይግፈፈው።»

መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሙ። ጋሽ ፍሬን ወደ ፊት አዩ፤ የሚታያቸው ፀሐይና ጭጋግ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንድ ጡሩምባ ጮኸ። ሌላ ተከተለ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምነው? አረንጓዴ አልሆነም እንዴ?» ብለው ዞር ሲሉ ልጃቸውን አዩዋት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት እጇ መሪው ላይ፣ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ዓይኗ ግን መብራቱ ላይ አልነበረም። እጃቸውን ታያለች።

ጋሽ ፍሬን ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ሥር ከተቱና ተቀመጡባቸው።

«መብራቱን አንቺ እዪ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ አይታየኝም።»